ጽዋ ማኅበራችን በየኮንዶሚኒየሙ ተበትኗል፤ ለውጥ ብንቀበል እምነታችን ይላላል?

ጥያቄው እንዲህ ይላል፦

«መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ። እናቴ የኪዳነ ምሕረት ጽዋ ማኅበርተኛ ነበረች። ስታርፍ ቦታዋን እኔ ተረከብኩ። ድሮ ሁላችንም ካዛንቺስ ጎረቤታሞች ነበርን። አሁን ሰፈሩ ፈርሶ አንዱ የካ አባዶ፣ አንዱ ኮዬ ፈጬ፣ አንዱ ቱሉ ዲምቱ ገብቷል። አንዳንድ እህቶቻችን ደግሞ ዱባይና ቤሩት ሆነው ብር ይልካሉ። በወር በ16 የሚመጣው ሰው እያነሰ ሄደ። ወጣቶቹ ‹ቀኑ ወደ እሑድ ይዛወር፣ ድግሱ ቀርቶ ገንዘቡ ለችግረኛ ይሰጥ፣ ትምህርተ ወንጌል ይኑረን፣ የቀረውን በቴሌግራም እንጨርስ› አሉ። እናቶች ‹ከእናቶቻችን የተረከብነውን አናፈርስም› ብለው ተቆጡ። አንድ እናት ‹ይሁዳም ለድሀ ይሰጥ ብሎ ነበር› ሲሉ አንዱ ልጅ ተነሥቶ ወጣ፤ እስካሁን አልተመለሰም። ለውጥ መቀበል እምነት ማላላት ነው? ማኅበሩ ሳይፈርስ፣ እኛም በመንፈሳዊ ሕይወት እንድናድግ ምን ይሻላል?»

እህቴ፣ እናትሽን ነፍስ ይማር። ቦታዋን ባዶ አለመተውሽ ትልቅ ነገር ነው። በሰንበት ትምህርት ቤትና በማኅበራት ስለማገለግል እንዲህ ያለ ጥያቄ ብዙ ጊዜ ይደርሰኛል። የሚደርሰኝ ግን አብዛኛውን ጊዜ ማኅበሩ ከፈረሰ በኋላ ነው። አንቺ ሳይፈርስ ስለጠየቅሽ ረዘም አድርጌ ልመልስልሽ።

በቀጥታ ልንገርሽ፤ ለውጥ መቀበል እምነት ማላላት አይደለም። ይህን ስል ግን ወጣቶቹ ያሉት ሁሉ ልክ ነው ማለቴ አይደለም። ድግሱ ፈጽሞ ይቅር የሚለውን አልደግፍም። ወጣቶቹም እናቶችም ያላነሡት አንድ ትልቅ ነገር ደግሞ አለ፤ ወደ እሱ እመጣለሁ።

መጀመሪያ የሚለወጠውንና የማይለወጠውን እንለይ። ዶግማና ቀኖና ሲባል ሰምተሻል። ዶግማ የእምነቱ መሠረት ነው። ምሥጢረ ሥላሴ፣ ምሥጢረ ሥጋዌ፣ እነዚህ አይጨመርባቸውም፣ አይቀነስባቸውም። ቀኖና ሥርዓት ነው፤ ሥርዓትን ቅዱስ ሲኖዶስ እንደ ጊዜው ሊያሻሽለው ይችላል። የእናንተ ማኅበር የሚሰበሰብበት ቤት፣ የሚቀርበው ምግብ፣ የመዋጮው ልክ ግን ከሁለቱም አይደለም። ልማድ ነው። ልማድ ስል ማቃለሌ አይደለም፤ እናትሽን በየወሩ በጸሎት ያቆመ ልማድ ነው። ግን ያወጡት ማኅበርተኞቹ ራሳቸው ናቸው። ስለዚህ ማኅበርተኞቹ ከንስሐ አባታቸው ጋር ተመካክረው ሊያስተካክሉት ይችላሉ። እናቶች የፈሩት እምነቱ እንዳይነካ ነው፤ ፍርሃታቸው የፍቅር ነው። የተነሣው ጥያቄ እምነቱ ጋ እንደማይደርስ ግን በደንብ ቢነገራቸው ጥሩ ነው።

ለእናቶች ከሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 6ን አንብቢላቸው። የመጀመሪያዎቹ ክርስቲያኖች ማዕዳቸው አንድ ነበር። ሰው ሲበዛ ግን ከግሪክ አገር የመጡት ወገኖች መበለቶች በዕለታዊው እደላ ችላ ተባሉና ማጉረምረም ተነሣ። ሐዋርያት ምን አደረጉ? «እኛ ስንጀምረው እንዲህ አልነበረም» አላሉም። የሚያጉረመርሙትንም አላባረሩም። ሕዝቡን ሰበሰቡና ሰባት ዲያቆናት አስመረጡ። ከዚያ በፊት ያልነበረ አገልግሎት ነው። ቅዱስ እስጢፋኖስን ያገኘነው በዚያ ምርጫ ነው። የማዕድ ቅሬታ ነበር መነሻው፣ ልክ እንደ እናንተው።

ከአገራችን ታሪክም ልጨምርልሽ። ቅዳሜንም እሑድንም ሰንበት ብለን ስናከብር ከጥንት ጀምሮ ያለ ጭቅጭቅ የመጣ ይመስለናል። አይደለም። የአቡነ ኤዎስጣቴዎስ ደቀ መዛሙርት ቀዳሚት ሰንበት ትከበር ስላሉ ለረጅም ጊዜ ተገፍተው ኖረዋል፤ ክህነት እስከ መከልከል ደርሰዋል። ነገሩ የተቋጨው በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1450 በደብረ ምጥማቅ በተደረገው ጉባኤ ነው። ሁለቱ ጳጳሳት፣ አባ ሚካኤልና አባ ገብርኤል፣ ተስማሙና ሁለቱም ሰንበታት ይከበሩ ተባለ። እኔ በዚህ ታሪክ ሁልጊዜ የሚደንቀኝ ሁለቱ ወገኖች ያን ሁሉ ዘመን ተለያይተው መጨረሻ ላይ በአንድ ጉባኤ መቀመጣቸው ነው። ዛሬ የማናችንም አያት ቅዳሜን ስታከብር የክርክር ውጤት ነው ብላ አታስብም።

ቅርብ ያለውን ደግሞ እይ። በ1965 ዓ.ም. ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ቴዎፍሎስ ፓትርያርክ ሳሉ ቃለ ዓዋዲ የሚባለው ደንብ ወጣ። በየአጥቢያው ሰበካ ጉባኤ ይቋቋም፤ ካህናትም ምእመናንም ወጣቶችም አንድ ላይ ተቀምጠው ቤተ ክርስቲያናቸውን ያስተዳድሩ የሚል ነው። ያን ጊዜ ቤተ ክርስቲያን መሬት ነበራት፤ አገልጋዩ በአብዛኛው የሚኖረው ከመሬት በሚገኝ ገቢ ነበር። ምእመኑ በየወሩ አዋጥቶ ካህኑን ያኖራል የሚለው ሐሳብ ለብዙ ሰው እንግዳ ነበር። ብዙም ሳይቆይ አብዮቱ መጣ። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት ሁሉ የመንግሥት ሆነ። የቤተ ክርስቲያን መሬትም አብሮ ሄደ። በዚያ ቀን ሰበካ ጉባኤ የሚባል ነገር ባይጀመር ኖሮ ብዙ ደብር በሩን በዘጋ ነበር። አቡነ ቴዎፍሎስ ራሳቸው በደርግ ታስረው ተገደሉ። የጀመሩት ሥርዓት ግን ይኸው እስከ ዛሬ አጥቢያዎቻችን የቆሙበት ነው። በሰላሙ ቀን የተዘጋጀ ለውጥ በክፉ ቀን ሰው ያተርፋል። ለእናንተም ክፉው ቀን ሰፈሩ የፈረሰ ዕለት መጥቷል፤ ዝግጅቱ ነው የዘገየው።

አሁን ወደ ድግሱ እንምጣ። እዚህ ጋ ለእናቶችም ለወጣቶችም አንድ አንድ ነገር አለኝ።

ለእናቶች፦ እናንተ ከእናቶቻችሁ የተረከባችሁት ምን ነበር? እስቲ አስታውሱ። አንድ ድፎ ዳቦ፣ አንድ እንስራ ጠላ፣ ንፍሮ ወይ ቆሎ። ጸሎት ይደረሳል፣ ተአምሯ ይነበባል፣ ዳቦው ተባርኮ ይቆረሳል፣ ጽዋው ይዞራል፣ ለቀረው ሰው ድርሻው ይላክለታል። በቃ። ቢራ በሳጥን፣ ለስላሳ፣ ሦስት ዓይነት ወጥ፣ የወንበርና የድንኳን ኪራይ፣ ይህ መቼ ነው የመጣው? በእኛው ዕድሜ ነው የመጣው። አንዷ ያወጣችውን ሌላዋ ልትበልጥ እያለች፣ ማንም ሳይወስንበት፣ ማንም «ለውጥ ነው» ሳይለው ገባ። ስለዚህ ድግሱን ማሳነስ የእናቶቻችሁን ማኅበር ማፍረስ አይደለም፤ ወደ እናቶቻችሁ ማኅበር መመለስ ነው። ይህን በትሕትና ብትነግሪያቸው ከእኔ የበለጠ እነሱ ያውቁታል፤ እነሱ ናቸውና የልጅነታቸውን ማኅበር የሚያስታውሱት።

አንድ ነገር በተለይ ልብ በይልኝ። ሰው ማኅበር የሚቀረው እምነት ስለጎደለው ነው ብለን ቶሎ እንፈርዳለን። ብዙ ጊዜ የሚቀረው ተራው እየደረሰ ስለሆነ ነው። ደመወዙን ያያል፣ የቤት ኪራዩን ያያል፣ ባለፈው ወር እነ እገሌ ያወጡትን ያያል፣ ያፍራል። መጀመሪያ አንድ ወር ታመምኩ ይላል፣ ቀጥሎ ሥራ በዛብኝ ይላል፣ ከዚያ ስልክም አያነሣም። ቅዱስ ጳውሎስ የቆሮንቶስን ሰዎች የወቀሰው በዚሁ ነው፤ አንዱ ሲራብ አንዱ በሚሰክርበት ማዕድ ላይ «አንዳችም የሌላቸውን ታሳፍራላችሁን?» ብሎ ጠየቃቸው። እስቲ ከእናንተ የቀሩትን አንድ በአንድ አስቢያቸው። ስንቶቹ ተራቸው ሊደርስ ሲል ነው የጠፉት?

እናንተ ደግሞ የኪዳነ ምሕረት ማኅበርተኞች ናችሁ። የካቲት 16 የምትሰሙት የበላዔ ሰብእ፣ የዚያ የሰው በላ፣ ታሪክ ምንድን ነው? ያ ሁሉ ኃጢአት ያለበት ሰው የዳነው በእመቤታችን ስም ለተጠማ በሰጠው ጥርኝ ውሃ ነው። ድግስ አልደገሰም። ጌታም በወንጌል ስለ አንድ ጽዋ ቀዝቃዛ ውሃ ዋጋው አይጠፋበትም ብሏል። በጥርኝ ውሃ የሚታሰብ ቃል ኪዳን ይዘን ባዶ እጁን የመጣውን ሰው ማሳቀቅ አይገባም።

ለወጣቶቹ፦ ድግሱ ሙሉ በሙሉ ቀርቶ ገንዘቡ ይሰጥ ማለታችሁ ከመልካም ልብ ነው። ግን ማዕዱን ካነሣችሁት ማኅበር አይቀራችሁም፤ የእርዳታ መዋጮ ነው የሚቀራችሁ። እርዳታ ጥሩ ነው፤ ግን ሌላ ነገር ነው። በአንድ ጽዋ የሚጠጡ ሰዎች ተጣልተው መቀመጥ አይችሉም። ጽዋው ሳይዞር በፊት ሙሴው፣ ማለትም የማኅበሩ መሪ፣ «የተቀያየመ አለ?» ብሎ የሚጠይቅበት ማኅበር አውቃለሁ። በባንክ ቁጥር ብር ስታስገቡ ግን ማንም ይህን አይጠይቃችሁም። አብሮ መብላት ለእኛ ትርፍ ነገር አይደለም፤ ጌታ ራሱ ደቀ መዛሙርቱን የሰበሰበው በማዕድ ዙሪያ ነው። ይልቅ ድግሱን ወደ ዳቦና ጠላ ወይም ዳቦና ሻይ መልሱትና የተረፈውን ለችግረኛ አውሉት። ሁለቱም ይሆናል።

የይሁዳው ነገር። እናት ያሉት ቃል ከባድ ነው፤ ልጁ ቢከፋው አይፈረድበትም። ዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 12ን እስከ መጨረሻው ካየነው ወንጌላዊው ምክንያቱን ጽፎታል። ይሁዳ ያን ያለው ለድሆች አዝኖ ሳይሆን ሌባ ስለነበረ፣ ከረጢቱንም ስለያዘ ነው። ያ ልጅ ከረጢት አልያዘም። ከራሱ ኪስ የሚያወጣውን ነው ለድሀ ይሁን ያለው። ስለዚህ ንጽጽሩ ልክ አይደለም፤ ይህንንም በግልጽ እናገራለሁ። ግን በማኅበሩ ፊት ተነሥተሽ «ተሳስተዋል» እንዳትያቸው። ቤታቸው ሂጂ። ቡና ጠጥታችሁ፣ ልጁ እንደቀረ፣ እናቱ ወይም አያቱ ብትኖር ምን ይሰማት እንደነበር ንገሪያቸው። እኔ የማውቃቸው እናቶች እንዲህ ሲነገራቸው ነጠላቸውን አጣፍተው እሳቸው ራሳቸው ልጁ ቤት ይሄዳሉ። የሱ መመለስ ከቀኑና ከድግሱ ይቀድማል። ማኅበሩ የዕርቅ ቦታ ካልሆነ ሌላው ማሻሻያ ሁሉ ምንም አይጠቅመውም።

ቀኑን በተመለከተ ብዙ የሚያጣላ ነገር የለም። በዓሉ በ16 ነው፤ በ16 ይቆያል። የቻለ በዕለቱ ቅዳሴ ያስቀድሳል፣ ያልቻለ በቤቱ ይጸልያል። መሰባሰቡ ግን በዕለቱ የግድ አይደለም፤ ሥራ ያለው ሰው ማክሰኞ ከሰዓት ከኮዬ ፈጬ የካ አባዶ ድረስ በሁለት በሦስት ታክሲ ሊመጣ አይችልም። ብዙ ማኅበራት ከበዓሉ ቀጥሎ ባለው እሑድ ይሰበሰባሉ። እኔ የምመክርሽ ግን ሁለቱን ወራት እንዳትነኩ ነው፤ የካቲት 16 እና ነሐሴ 16። የካቲት የኪዳነ ምሕረት ዓመታዊ በዓል ነው፣ ነሐሴ 16 ደግሞ ፍልሰታ ነው። እነዚህን በዕለታቸው አክብሩ፣ የቀሩትን ወራት ወደ እሑድ አምጧቸው። እናቶች ዋናው በዓል እንዳልተነካባቸው ያያሉ፣ ወጣቶቹም መምጣት ይችላሉ።

ስለ ቀን ካነሣን አይቀር፣ በዐረብ አገር ያሉ ወገኖቻችንን ተመልከቺ። በገልፍ አገሮች ለረጅም ጊዜ የሥራ ዕረፍት ቀን ዐርብ ስለነበረ፣ እዚያ ያሉ ብዙ ክርስቲያኖች የሚሰበሰቡት ዐርብ ነው። እሑድን ረስተው አይደለም፤ የተፈቀደላቸው ቀን እሱ ስለሆነ ነው። በሰው ቤት ተቀጥራ የምትሠራ እህታችን በወር አንድ ቀን ወጥታ ከመሰሎቿ ጋር ስትጸልይ ያቺን ቀን ምን ያህል እንደምትጠብቃት ጠይቂያት። የራሳችሁ እህቶች ዱባይና ቤሩት አሉ ብለሻል። ከእነሱ የምትወስዱት ብር ብቻ አይሁን።

ስለ ቴሌግራም ያለኝ ሐሳብ እዚህ ላይ ነው። ግሩፕ ክፈቱ፣ ምንም ክፋት የለውም። የታመመ ሰው ይነገርበት፣ የሚቀጥለው ወር ቦታ ይለጠፍበት። ቤሩት ያለችው እህታችሁ ስሟ ተጠርቶ ሲጸለይላት ድምፁ ተቀድቶ ይላክላት። እሷም የዚያን ቀን ጸሎት አብራችሁ ታድርስ። ይህ ለእሷ ትልቅ ስንቅ ነው። ግን ቴሌግራም ማኅበሩን ይተካል የሚለውን አልቀበልም። በ2012 ዓ.ም. በኮሮናው ጊዜ ሕማማቱንና ፋሲካውን ብዙው ሰው ቤቱ ሆኖ በቴሌቪዥን ነው የተከታተለው። የግድ ነበር፣ ጠቅሟልም። የቤተ ክርስቲያን ደጅ ሲከፈት ግን ሕዝቡ እንዴት እንደጎረፈ ሁላችንም አይተናል። ሌላም ልጨምር፤ በግሩፑ ላይ ማንም ያገኘውን ስብከትና «ራእይ» እንዳይለጥፍ ከመጀመሪያው ተስማሙ። ዛሬ በየማኅበራዊ ሚዲያው አጥማቂ ነኝ፣ ባሕታዊ ነኝ የሚል ሰው በዝቷል። ትምህርት የሚለጠፈው የንስሐ አባታችሁ ወይም የአጥቢያችሁ መምህር ያዩት ብቻ ይሁን።

ቦታው ነው ብዙ ጊዜ የሚረሳው። ሰው ስለ ሐሳብ ሲከራከር የእናቶችን ጉልበት አያይም። አብዛኛው ኮንዶሚኒየም አራት ፎቅ ነው፣ ሊፍት የለውም። የሰባ ዓመት እናት አራተኛ ፎቅ ድረስ በየደርቡ እየቆሙ፣ ደረጃው መደገፊያ ላይ እየተደገፉ ሲወጡ አይቻለሁ። ከላይ ሲደርሱ ለጸሎት መቆም አቅቷቸው ይቀመጣሉ። በሚቀጥለው ወር አይመጡም። ጠላውም በጀሪካን በሰው ትከሻ ነው የሚወጣው። ስለዚህ ተራው የማንም ይሁን፣ መሰብሰቢያው ምድር ቤት ያለ ሰው ቤት ወይም በግቢው ያለው ኮሚናል ይሁን። ከዚህም የተሻለ አለ። በአቅራቢያችሁ ካለው አጥቢያ ሰንበቴ ቤት ጠይቁ። ሰንበቴ ከጽዋ ማኅበር የሚለየው በየቤቱ ሳይሆን በቤተ ክርስቲያን ቅጥር፣ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ መሆኑ ነው። ከአባቶች የመጣ ሥርዓት ነው፤ አዲስ ፈጠራ ነው ብሎ የሚቃወም አይኖርም። እሑድ አስቀድሳችሁ ወጥታችሁ እዚያው ዳቦውን ታስባርካላችሁ፣ ጽዋውን ታዞራላችሁ። በሩ ላይ ደግሞ ችግረኛው አለ፤ ወጣቶቹ የፈለጉት እዚያው ተገኘ። ለድሀ ብሎ ብር ከመሰብሰብ ድሀውን አብሮ ማስቀመጥ ይበልጣል። ስሙን ትጠይቂዋለሽ፣ በሚቀጥለው ወር ሲቀር ታስቢያለሽ።

ትምህርቱን በሚመለከት ወጣቶቹን ሙሉ በሙሉ እደግፋለሁ። ግን አታርዝሙት። ሃያ ደቂቃ ይበቃል። ተአምሯ ሲነበብ ከግእዙ ጋር አማርኛውም ይነበብ፤ የታተመው መጽሐፍ ሁለቱንም ጎን ለጎን የያዘ ስለሆነ ሰበብ የለም። የሚያነበው ከወጣቶቹ አንዱ ይሁን። ከዚያ ከወንጌል ጥቂት ቁጥር፣ ጥቂት ማብራሪያ፣ ጥያቄ ያለው ይጠይቅ። በየወሩ ደግሞ ከእናቶች አንዷ ይናገሩ፤ ማኅበሩ እንዴት ተጀመረ፣ እነማን ነበሩበት፣ በችግር ጊዜ እንዴት ተረዳዱ። በደርግ ጊዜ፣ ልጆቻቸው በታሰሩና በተገደሉ ሰሞን፣ ይህ ማኅበር ለእናቶች ምን እንደነበረ የዛሬ ልጆች አያውቁም። እናትሽ ይዛው የሄደችውን ታሪክ አሁን አታገኚውም፤ የቀሩት እናቶች ያላቸውን ግን አሁን ማዳመጥ ይቻላል። ወጣቱም የሚተወው ነገር ምን እንደሆነ ሲያውቅ ለመተው ይከብደዋል።

አሁን ማንም ያላነሣው ወዳልኩሽ ነገር ልምጣ። «በመንፈሳዊ ሕይወት እንድናድግ» ብለሻል። ቀንና ቦታ ብታስተካክሉ ማኅበሩ ይተርፋል፤ ዕድገት ግን ሌላ ነው። ልጠይቅሽ፤ ከማኅበርተኞቹ ስንቱ ነው የሚቆርበው? ሁላችንም እናውቀዋለን። በልጅነታችን እንቆርባለን፣ ከዚያ እናቆማለን፣ ካረጀን በኋላ ወይም ስንታመም እንመለሳለን። መሃሉ፣ ዋናው ዕድሜያችን፣ ባዶ ነው። የማኅበሩን ጽዋ በየወሩ ሳንቀር እንጠጣለን፣ ወደ እውነተኛው ጽዋ ግን አንቀርብም። ይህ ነው የሚያስጨንቀኝ። እናቶች ሥርዓቱ እንዳይነካ ይጨነቃሉ፣ ወጣቶቹ መርሐ ግብሩ እንዲሻሻል ይጨነቃሉ፣ ሁለቱም ወገን ግን ቅዳሴ ላይ «በሰላም ግቡ» ከተባለ በኋላ ተያይዘን ወደ ቤታችን መሄዳችንን ለምደነዋል። አዲስ ነገር ከፈለጋችሁ ከዚህ የበለጠ አዲስ ነገር የለም።

እና እንዲህ አስቡ። የፍልሰታ ጾም ከነሐሴ 1 ይጀምራል። ማኅበርተኛው ሁሉ ከዚያ አስቀድሞ፣ በሐምሌ፣ እያንዳንዱ ለንስሐ አባቱ ይናዘዝ። የንስሐ አባት የሌለው እንዲኖረው እርዱት፤ ኮንዶሚኒየም ከገባ በኋላ የንስሐ አባቱን አጥቶ የቀረ ሰው በጣም ብዙ ነው። የተጣላ ይታረቅ። የቻላችሁ ጾሙን ጠብቃችሁ ነሐሴ 16 አንድ ላይ ቁረቡ፣ ከዚያ አብራችሁ ፈስኩ። ሁሉም አይደርስም፤ የሚያፍር አለ፣ ኑሮው ያልተስተካከለ አለ፣ «አይገባኝም» የሚል አለ። ማንንም አታስገድዱ፤ ማን ቆረበ ማን ቀረ ብላችሁም አትቁጠሩ። ሁለት ሰው እንኳ ቢቆርብ በሚቀጥለው ዓመት ሌላው ይከተላል። ይህን ስታደርጉ ወጣቱና እናትየው አንድ ዓይነት ዝግጅት ላይ ናቸው። ማን ነው ለውጥ ፈላጊ፣ ማን ነው ነባር የሚለው ነገር እዚያ ቦታ አይነሣም።

አካሄዱን ደግሞ ልንገርሽ፤ መልካም ሐሳብ በአካሄድ ምክንያት ሲበላሽ ብዙ አይቻለሁ። በማኅበሩ ዕለት፣ ጽዋ ቀርቦ፣ ሰው ተቀምጦ አጀንዳ አታንሺ። ያን ቀን ሰው ለጸሎት ነው የመጣው። አስቀድመሽ ሙሴውን ለብቻ አናግሪ፣ ቀጥሎ ትልልቆቹን እናቶች በየቤታቸው። ሐሳቡን ከእነሱ አፍ እንዲወጣ አድርጊው፤ «ድሮ እንዴት ነበር?» ብለሽ ከጠየቅሽ ግማሹን መልስ ራሳቸው ይሰጡሻል። ከዚያ ንስሐ አባታችሁ ባሉበት፣ ከማኅበሩ ቀን ውጭ፣ ሁሉም ይሰብሰብ። ዱባይና ቤሩት ያሉትም በስልክ ይግቡ፤ ለመዋጮ ብቻ ሳይሆን ለሐሳብም ማኅበርተኛ ናቸው። የምትወስኑትን እስከ መስከረም እንሞክረው ብላችሁ ወስኑ። ሙከራ ሲባል እናቶች አይደነግጡም፤ መመለስ እንደሚቻል ያውቃሉ። ሁሉንም በአንድ ወር አትቀይሩ።

ገንዘቡን በተመለከተ ብዙ አልልም። መዝገብ ይኑር፣ ከእናቶች አንድ ከወጣቶች አንድ ሁለቱ ፈርመው ይውጣ፣ በየወሩ ይነበብ። ከውጭ የሚላከውም እዚያው ይመዝገብ።

ምናልባት እናቶች ይህን ሁሉ «እምቢ» ሊሉ ይችላሉ። ያኔም አትቆጪ፣ ወጣቶቹንም ይዘሽ ሌላ ማኅበር እንዳትመሠርቺ። ሌላ ማኅበር ማቋቋም ቀላል ነው፤ ግን ሁለቱም ይጎድላሉ፤ የእናንተ ሽማግሌ አይኖረውም፣ የእነሱም ተረካቢ አይኖረውም። ያን ጊዜ ሌላውን ሁሉ አቆዪውና አንድ ነገር ብቻ ጠይቂ፤ የሚቀጥለው ወር ምድር ቤት ይሁን በይ። እሱን እምቢ የሚል አይኖርም። አራተኛ ፎቅ መውጣት ስላቃታቸው የቀሩትን እናቶች አንቺ ራስሽ ስልክ ደውለሽ ጥሪ፣ ያንን ልጅም ወንበር እንዲያመጣ ላኪው።